የእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ በየትኛው ፊደል ይጻፍ?

የእድር ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጅማ ውስጥ መንቲና አካባቢ ባለ አንድ እድር በጸሐፊነት አገለግላለሁ። እድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የከፈትነው ወደን ብቻ ሳይሆን ቸግሮንም ጭምር ነበር፤ ጡሩምባ ነፊያችን ዕድሜያቸው ገፍቶ ሌሊት በየሰፈሩ መዞር አቅቷቸዋል፤ አባሎቻችን ከኮቺ እስከ አጂፕ ተበታትነው ይኖራሉ፤ ቡና ሲደርስ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ጎማና ወደ ማና ወርደው ሳምንታት ይቆያሉ። ስለዚህ መርዶም ሆነ የስብሰባ ጥሪ በስልክ ቢደርሳቸው ይሻላል ብለን በጉባኤ ተስማማን።

አሁን የቸገረን የፊደሉ ነገር ነው። ወጣቶቹ አባላት አማርኛን የሚጽፉት በላቲን ፊደል ሲሆን፣ አንዱ አናባቢውን ሁሉ ያስገባል፣ ሌላው ደግሞ አናባቢውን ውጦ ተነባቢውን ብቻ ይደረድራል። አረጋውያኑ በበኩላቸው በግዕዝ ፊደል ያልተጻፈውን አያነቡም፤ ስልካቸውን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው «እስቲ ምን ይላል?» ማለት ግድ ሆኖባቸዋል። ባለፈው ወር ያጋጠመንን ብነግራችሁ ጉዳዩ ለምን እንዳሳሰበኝ ትረዱልኛላችሁ።

ገንዘብ ያዣችን መዝገቡን በኮምፒውተር እንዲያስገባላቸው ልጃቸውን ወደ እድሩ ቢሮ ይዘው መጡ። በቢሮው የነበረ አንድ ወጣት ደስ ብሎት «ገንዘብ ያዡ ልጁን ይዞ መጣ» ሲል በላቲን ፊደል ግሩፑ ላይ ጻፈ። አንድ የተከበሩ ሐጂ መልእክቱን አምስተኛ ክፍል ለሚማር የልጅ ልጃቸው ሰጡት። ልጁም የተጻፈውን ፊደል አንድ በአንድ ተከትሎ «ገንዘብ ያዡ ልጁን ይዞ መታ» ብሎ አነበበላቸው። ሐጂ ምርኩዛቸውን አንሥተው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ በባጃጅ ገንዘብ ያዡ ቤት ደረሱ። አባትና ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ሲጠጡ አገኟቸው። የዚያን ዕለት ሁላችንም ከልብ ስቀናል፤ ይሁን እንጂ እኔ ማታ ስተኛ ያሰብኩት፣ ይህ ስሕተት የተፈጸመው በመርዶ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠን ነበር የሚለውን ነው።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ በግሩፑ ውስጥ በግዕዝ ፊደል ብቻ ይጻፍ የሚል ደንብ ብናወጣ ተገቢ ነው ትላላችሁ? ወይስ ወጣቶቹን አስኮርፈን ግሩፑን ባዶ እናደርገዋለን? ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ ካላችሁ እንዴት እንደፈታችሁት ብታካፍሉኝ ባለውለታችሁ እሆናለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ጋሼ ጸሐፊ፣ ጥያቄዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጅማ ነው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት በአፋን ኦሮሞ ሲሆን አማርኛን ደግሞ በቤትና በትምህርት ቤት ለምጄዋለሁ። በመጀመሪያ ለዚያ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ጥብቅና ልቁም። ልጁ አልተሳሳተም። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል በሚጻፍበት በቁቤ ሥርዓት «ቲ» የምትባለው ፊደል ምንጊዜም ቢሆን «ት»ን ብቻ ታሰማለች፤ «ጥ»ን ለመጻፍ «ኤክስ» አለ። «ቅ» ከሆነም «ኪው» እንጂ «ኬ» አትጻፍም፤ «ጭ» የሚጻፈው በ«ሲ» ነው፣ «ች» ደግሞ በ«ሲ» እና በ«ኤች» ጥምር ነው። ስለዚህ ልጁ የተማረውን ደንብ አክብሮ ሲያነብ «መጣ» የሚለው ቃል «መታ» መሆኑ የማይቀር ነበር። ደንቡን የጣሰው የጻፈው ወጣት ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ የሚጥሰው ደንብ እንኳ አልነበረውም።

ይህን የማነሣው በግሩፖች ውስጥ ይህ ዓይነት ክርክር በተነሣ ቁጥር ጥፋቱ በቁቤ ላይ ሲላከክ ስለምሰማ ነው። ቁቤ ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትምህርትና በመሥሪያ ቤት የሚሠራበት፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ፊደል የወሰነ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው። አናባቢው ሲረዝም ፊደሉ ይደገማል፣ ተነባቢው ሲጠብቅም እንዲሁ ይደገማል። እንዲያውም በዚህ በኩል የግዕዙ ፊደል አንድ ጉድለት አለበት፤ ጥብቀትን አያሳይም። «ይበላል» ብዬ ብጽፍ ዶሮው ጥሬ እየበላ ይሁን ወይስ ዶሮው ለእኛ ሊበላ ይሁን ከፊደሉ አይታወቅም። ወጣቶች በቻት የምንጽፈው የላቲን አማርኛ ግን የቁቤም የግዕዝም ሥርዓት የሌለው፣ እያንዳንዳችን በየራሳችን የፈጠርነው ነገር ነው። እኔም በዚሁ እጽፋለሁ፤ የምጽፍበት ምክንያትም የስልኬ ኪቦርድ ለአፋን ኦሮሞም፣ ለእንግሊዝኛም፣ ለአማርኛም ሳልቀያይረው ስለሚያገለግለኝ ነው።

ስለ ደንቡ ያለኝ አስተያየት፣ «ብቻ» የምትለው ቃል ትውጣ የሚል ነው። የእድሩ ማስታወቂያ በግዕዝ ፊደል ይውጣ፤ አፋን ኦሮሞ አፋቸውን ለፈቱ አባላት ደግሞ በትክክለኛ ቁቤ አብሮ ይውጣላቸው። ጨዋታውን ለእኛ ተዉልን።

ጽሕፈት ቤት ያለኝ

ፈረንጅ አራዳ አጠገብ ፎቶ ኮፒና ኮምፒውተር ጽሕፈት ከከፈትኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ማመልከቻ፣ ውክልና፣ የቡና ውል፣ የሠርግ ጥሪ የማልጽፈው የለም፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም።

ተማሪዋ እህቴ ስለ ጥብቀት ያነሣችው እውነት ነው፣ ተቀብያለሁ። ነገር ግን «ይበላል» የሚለውን አንባቢ ከዐውዱ የሚረዳው የጎደለው ነገር አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። በቻት ላቲን ግን ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከ፣ ጨ እና ቸ፣ ጸ እና ሰ በአንድ ጊዜ ይደባለቃሉ፤ በዚህ ላይ ግዕዙና ኃምሱ፣ ሳድሱም ሳይቀር በአንድ አናባቢ ይጻፋሉ። «ልጁ ጠፋ» እና «ልጁ ተፋ» አንድ ሆነው ሲመጡ እናት ልጇን ፍለጋ ትውጣ ወይስ ውኃና ፎጣ ታቅርብ? «ሕፃኑ ነቃ» እና «ሕፃኑ ነካ»ስ? እንዲህ ያለውን ዐረፍተ ነገር በዐውድ ለመፍታት አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ መልእክት የሚላከው ደግሞ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ነው።

ላቲኑ ከየት መጣ ቢባል፣ በመጀመሪያ ቸግሮን ነው። መጀመሪያ እጃችን የገቡት ብዙዎቹ ሞባይሎች ግዕዝን መጻፍ ይቅርና ማሳየት እንኳ አይችሉም ነበር፤ በሆሄው ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረድሩ ነበር። በኮምፒውተሩም በኩል እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የየራሱ ኮድ ስለነበረው፣ እኔ ጋ የተጻፈ ማመልከቻ ሌላ ቦታ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። አንድ ደንበኛዬ ፍላሽ ይዞ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ ጽሑፉ አልነበብ ብሎት ደውሎ ሲያለቅስብኝ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ፊደላችን በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ ዓለም አቀፍ ቁጥር ተሰጠው፤ ከዚያም ኮምፒውተሮቹና ስልኮቹ ቀስ በቀስ ተከተሉ። ዛሬ በገበያ ላይ ያለ ስማርት ስልክ ግዕዝን ያሳያል፣ ኪቦርዱም በነፃ ይገኛል። ችግሩ ተወግዶ ልማዱ ቀረ ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016፣ አፋን ኦሮሞን ደግሞ በ2022 (እ.ኤ.አ.) ነው። እኔ ደንበኛ የሚያመጣልኝን ጽሑፍ ለመረዳት አንዳንድ ጊዜ እጠቀምበታለሁ፤ በሞከርኩባቸው ጊዜያት በሥርዓቱ የተጻፈ አማርኛ ሳስገባለት ለነገሩ የሚቀርብ ትርጉም ሰጥቶኛል፣ አናባቢው የተዋጠ የቻት አማርኛ ሳስገባለት ግን ጨርሶ ስቷል። አሁን በየዜናው የሚወራለት ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ቋንቋ የሚማረው ሰዎች ጽፈው ካስቀመጡት ነው። ዘመናችንን ሙሉ በላቲን ቁርጥራጭ ስንጻጻፍ ከርመን፣ ማሽኑ አማርኛ አይችልም ብለን ማማረር ለእኔ ትክክል አይመስለኝም።

ሞባይል ጠጋኝ፣ ሂርማታ

ከላይ የተባለው ስለ ቴሌግራም ትክክል ነው። ነገር ግን ጋሼ ጸሐፊ አባሎቻችን ቡና ለቀማ ይወርዳሉ ብለዋል፤ እዚያ ደግሞ ኢንተርኔቱ የማይደርስበት ሸለቆ አለ፣ የሚደርሰውም ተራው የስልክ መልእክት ብቻ ሊሆን ይችላል። በተራው መልእክት ላይ ወጣቶቹ ላቲን የሚመርጡበት እውነተኛ ምክንያት ስላለ በስንፍና ብቻ አትውቀሷቸው።

አንድ የስልክ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ አንዱ ባይት 8 ቢት ነው። በላቲን ሲጻፍ አንድ ፊደል 7 ቢት ብቻ ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። ግዕዝ ግን ለአንድ ሆሄ 16 ቢት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው። ከላቲኑ መካከል አንዲት የግዕዝ ሆሄ ከተገኘች እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል፤ ከ70 ካለፈ ደግሞ ወደ ሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል፣ ሂሳቡም የሁለት መልእክት ይሆናል። ብዙ ደንበኞች «ስልኬ ብር በላብኝ» እያሉ ይመጣሉ፤ ከፍቼ ሳየው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሆኖም ልዩነቱ በቁጥሩ እንደሚመስለው ሰፊ አይደለም፤ የእኛ አንድ ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይዛለችና። ዛሬ ሱቅ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት የእድር ስብሰባ ስላለ እንዳይቀሩ» የሚለው ከነክፍት ቦታው 35 ነው፤ የ70 ግማሽ ማለት ነው። ይኸው በላቲን ሲጻፍ 52 ገደማ ይሆናል፤ የ160 ሲሶ መሆኑ ነው። ላቲኑ ይረክሳል፣ ይህን አልክድም፤ ነገር ግን አንድ የስብሰባ ጥሪ ወይም አንድ መርዶ ስም፣ ሰዓትና ቦታ ብቻ ይዞ በግዕዝ ቢጻፍ ያለ ችግር በአንድ መልእክት ያልቃል። የሚያስረዝመው «ክቡራንና ክቡራት የእድራችን አባላት እንደምን ሰነበታችሁ» የሚለው ነው። እሱ ለቴሌግራሙ ይቆይ።

ከድምፅ ጋር የተስማማሁ

እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ድካም ምን አመጣው እላለሁ። የድምፅ መልእክት አለ። ጸሐፊው ስልኩን አፉ አጠገብ አድርጎ «እገሌ ስላረፉ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው» ቢል አረጋውያኑም ይሰሙታል፣ ወጣቶቹም ይሰሙታል። ጡሩምባውም እኮ ድምፅ ነበር፣ ማንም አንብቦት አያውቅም።

የልጅ ልጄ የምትጽፍልኝ

ልጄ ጸሐፊው፣ እግዜር ይስጥህ፤ እኛን አስበህ ይህን መጠየቅህ ልቤን ነክቶታል። እኔ የምናገረውን የልጅ ልጄ ትጽፈዋለች።

አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያን ጊዜ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ፤ ማታ ማታ ኩራዝ ይዘን ቀበሌ እንሄድ ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው በየቋንቋው ሲሆን ፊደሉ ግን ለሁሉም የግዕዙ ስለነበር፣ እኔ የራሴን ቋንቋ ያነበብኩት በዚሁ ሀ ሁ ነው። አሁን የልጅ ልጆቼ ያንኑ ቋንቋ በቁቤ ያነባሉ። አንድ ቤት፣ አንድ ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል ሆነን እየኖርን ነው፤ ይህም በጅማ የእኔ ቤት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ልጆቹን አልወቅስም፣ እነሱም እንደተማሩት ነው የሚያነቡት።

ዘንድሮ ግን ያዘንኩበት ነገር አለ። አብራኝ ዘመቻ የተማረች፣ አርባ ዓመት ሙሉ ቡና የተጠራራን ጎረቤቴ ሌላ ሰፈር ሄዳ ነበር። ያረፈችበትን መርዶ አንዱ ልጅ በላቲን ፊደል ስልኬ ላይ ላከው። ስልኩ ሲጮህ ሰምቻለሁ፤ ከፍቼም አይቼዋለሁ፤ ጽሑፉ ፊት ለፊቴ ነበር። የሚያነብልኝ ልጅ ከትምህርት ቤት የተመለሰው አሥር ሰዓት ሲሆን ቀብሩ ስምንት ሰዓት ላይ አልቋል። መልእክቱን ይዤ ስድስት ሰዓት ያህል ተቀምጫለሁ። በግዕዝ ፊደል ቢሆን ኖሮ መነጽሬን አድርጌ ስሟን ራሴ አነብ ነበር፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄም ከቀብሯ እደርስ ነበር።

ድምፅ ይበቃል ላልከው ልጄም መልስ አለኝ። ድምፅ ለቅሶ ቤት አይከፈትም፤ መስጊድና ቤተ ክርስቲያንም አይከፈትም። ጆሮዬም እንደ ዓይኔ አይደለም፤ ሰዓቱ አምስት ይሁን ስድስት ሳላውቅ ሦስት ጊዜ ደግሜ የሰማሁት ድምፅ አለ። የተጻፈ ነገር ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። ደግሞም ሰው ደብዳቤውን ሁልጊዜ በሌላ ሰው አፍ ማንበብ የለበትም፤ ለእኔ ብቻ የሚነገር ነገርም ይኖራል።

ከድምፅ ጋር የተስማማሁ

እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እንግዲያው አሳቤን በከፊል ላስተካክል። ድምፅን ለሰሚው ሳይሆን ለጸሐፊው እናውለው። የጉግል ኪቦርድ የማይክሮፎን ምልክቱ ሲነካ የተናገሩትን አማርኛ ሰምቶ በግዕዝ ፊደል ይጽፋል፤ ይህ አገልግሎት ለአማርኛ የተከፈተው በ2017 (እ.ኤ.አ.) ነው። ጣቴ ለሆሄ አልታዘዝ ሲለኝ የምጠቀመው ይህንን ነው። የሰው ስምና የሰፈር ስም ላይ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳትብኝ ከመላኬ በፊት አንድ ጊዜ አነበዋለሁ፤ በመርዶ ላይ ደግሞ ስም መሳሳት ስለማይገባ ሁለት ጊዜ ማንበብ ይሻላል።

የእድር ጸሐፊ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእማማን ቃል ትናንት ማታ ለእድሩ ሰብሳቢ አነበብኩላቸው፤ እሳቸውም ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «ይህ የፊደል ክርክር አይደለም፣ የቀብር ጉዳይ ነው» አሉኝ።

የደረስንበትን ልንገራችሁ። መርዶ፣ የስብሰባ ጥሪና የመዋጮ ማስታወቂያ በግዕዝ ፊደል በአማርኛ፣ ከሥሩም በቁቤ በአፋን ኦሮሞ ይወጣል። ይህን የሚለጥፉት የእድሩ ሹማምንት ብቻ ይሆናሉ። ሌላው ጭውውት እንደ ልማዱ ይቀጥላል፤ «ብቻ» የምትለውን ቃል በተማሪዋ ምክር ትቻታለሁ። ቡና ለቀማ ለወረዱት ተራ መልእክት በግዕዝ፣ ከ70 ሆሄ ሳያልፍ እልካለሁ፤ ሰላምታዬንም በሞባይል ጠጋኙ ምክር ለቴሌግራሙ አቆየዋለሁ። ስልክ የሌላቸው ሰባት አባላት ስላሉን ደግሞ ጡሩምባ ነፊያችን መዞሩ ቀርቶላቸው የእነዚህን ሰባት ሰዎች ደጅ ብቻ እንዲያንኳኩ ለምነናቸው በደስታ ተቀብለዋል።

የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው። የአፋን ኦሮሞውን ጽሑፍ በትክክለኛ ቁቤ የሚያርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ እኔ ራሴ ብጽፈው የገንዘብ ያዡን ልጅ እንደገና አስመታዋለሁ ብዬ እሰጋለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

እኔ አለሁ፣ ጋሼ። መርዶ ከሆነ በማንኛውም ሰዓት ይላኩልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን ተነሥቼ አርሜ እመልስልዎታለሁ። እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እመጣለሁ፤ የአማርኛ ኪቦርድ ያልጫኑ ወጣቶችን ስልክ እኛ እናስተካክላለን። ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው እንዲመጡ በማስታወቂያው ላይ ቢጽፉልን ጥሩ ነው። እማማም ቢመጡ፣ ፊደሉን አተልቄ በራሳቸው ጣት መልስ መጻፍ እንዲችሉ ላሳያቸው እወዳለሁ።

የልጅ ልጄ የምትጽፍልኝ

እመጣለሁ። መነጽሬንም ይዤ እመጣለሁ።